ሰሜንን የሚያዞረው ሳጥን

አምቦ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

አካም ጅርታ? ፈያዳ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የወንጪን ቁልቁለት አሁንም በእግርሽ ትወርጂዋለሽ ወይስ ፈረስሽ አዝናልሽ መሸከም ጀመረች? እንሰቱ፣ ማሳው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ለጌታ ምስጋና ይግባውና በአካል ደህና ነን። «በአካል» ያልኩት እጄ ስቶ አይደለም።

እጄ ካልኩ አይቀር፣ እስኪ ይህን ጽሑፍ እዪው። የማን ይመስልሻል? ጸሐፊ ከፍዬ ያጻፍኩት እንዳይመስልሽ። የገዛ ወንድምሽ እጅ ነው! በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ አንቺ ሰርተፊኬት ወሰድሽ፣ እኔ ከአስተማሪው ሸሽቼ ባሕር ዛፍ ላይ ወጣሁ። ይኸው አሁን ወረድኩ። መምህር እንግዳወርቅ የሚባል ሰው ለዘበኞችና ለጽዳት ሠራተኞች ማታ ማታ ያስተምረናል፤ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በጣም ስለቀደምኩት ዞር ብዬ ሳይ አይታየኝም። ልጆቼ በቁቤ ነው የሚጽፉት፤ አንቺ የምታነቢው ግን ይህንን ፊደል ስለሆነ በዚሁ ጻፍኩልሽ።

ሳቅሽ? ሳቂ። ከዚህ በታች የሚያስቅ ብዙ የለም። ያልደወልኩልሽም ካርድ አልቆብኝ አይደለም። በዚህ ሰሞን በስልክ ስናወራ ሦስተኛ ሰው መሃላችን የተቀመጠ እየመሰለኝ ነው።

ሥራዬን ዘበኛ ነኝ ብዬሻለሁ። እውነት ነው፣ ግን ሙሉው አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት ተመራማሪ ዶክተር የተከራየችው ግቢ አለ። ስሟን አልጽፍም። የምታጠናው ፍልፈልን ነው፤ ያንን ማሳሽን እየቆፈረ አፈር የሚከምርብሽን፣ ዓይኑ ከምስር የማይበልጠውን። ከመሬት በታች በጨለማ ሲኖር እንዴት መንገድ አይጠፋውም ነው ጥያቄው። መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት፤ የኮምፓስን መርፌ ወደ ሰሜን የምታዞረው እሷ ናት። ዶክተሯ ደግሞ ምናልባት ፍልፈሉም ያንን ስበት በሰውነቱ ይሰማው ይሆናል ትላለች። መጀመሪያ ስሰማ በሆዴ ሳቅሁ። በአፌ አልሳቅሁም፤ ደሞዝ ከፋይ ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የውኃ ሮቶ ተቆርጦ ክብ ገንዳ ሆኗል። ዙሪያውን የእንጨት ማዕቀፍ ቆሟል፣ በማዕቀፉ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ሽቦው በአንድ ሳጥን በኩል ከመኪና ባትሪ ጋር ይገናኛል። ሳጥኑ ሲበራ በገንዳው ውስጥ ሰሜን ይዞራል። እውነቴን ነው! የኮምፓሱ መርፌ ቀስ ብሎ ወደ ምሥራቅ ይሄድና «ሰሜን እዚህ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። ፍልፈሉ ከገለባ ጋር ይገባል፣ ይከደናል። ሲነጋ ገለባውን በአንድ በኩል ሰብስቦ ጎጆ ሠርቶ ይገኛል። ሰሜን በዞረ ቁጥር ጎጆውም አብሮ ከዞረ፣ ፍልፈሉ ሰሜንን ያውቃል ማለት ነው።

እኔ የምገባው እዚህ ላይ ነው። ገለባው አንዳንዴ ተበታትኖ ስለሚገኝ የጎጆው መሃል የት እንደሆነ በዓይን መፍረድ ያስፈልጋል። ፈራጁ ሰው በዚያ ቀን ሰሜን ወዴት እንደዞረ ካወቀ ሳይፈልግም ዓይኑ ወደዚያ ያደላል። ስለዚህ የሚያየው ሰው እንዳያውቅ ይደረጋል። ዶክተሯም ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የማያነብ ሰው ፈለገች። እህት ዓለም፣ በልኬ የተሰፋ ሥራ ማለት ይህ ነው! «ኦቦ፣ ማንበብ ይችላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዶክተር፣ ከጌዶ እስከ ጊንጪ ከእኔ የበለጠ መሃይም ከተገኘ ዛሬውኑ ያባርሩኝ» አልኳት።

ፍሮምሳ የሚባል ተማሪ አለ፤ እውነተኛ ስሙ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያወጣሁለት። እሱ የታሸገ ፖስታ በዕጣ ያነሳል፣ ውስጡ ባለው ትእዛዝ መሠረት ሳጥኑን ያስተካክላል፣ ፖስታውን መልሶ ያሽጋል፣ ይሄዳል። ጎጆውን አያይም። እኔ ጎጆውን አይቼ ገንዳው ጠርዝ ላይ እንጨት እሰካለሁ። ፖስታውን አላይም። ዶክተሯ ደግሞ የመጨረሻው ፍልፈል ተራ እስኪያልቅ ሁለታችንንም አትጠይቅም።

ካቻምና ጎጆው ዞረ። ዶክተሯ ጽሑፏን ወደ ውጭ አገር ላከች፤ ከብዙ ወር በኋላ የመጣው መልስ «መልካም ነው፣ ድገሙት» የሚል ሆነ። እኔ ደሜ ፈላ። ዋሽታችኋል ነው የሚሉን? አልኳት። እሷ ግን እኔም በነሱ ቦታ ብሆን የምለው ይህንኑ ነው፣ አንዴ የሆነ ነገር በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል፣ በሌላ ፍልፈልና በሌላ ገንዳም ከሆነ ያኔ እናምናለን አለች። ካልሆነስ? አልኳት። ካልሆነ ተሳስተን ነበር ብለን እንጽፋለን አለች። እሷ ይህን ስትል እንደ ቀላል ነገር ነው።

ነገሩ የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። የመጀመሪያዋ ሚስቴ አፍህ አያርፍም ብላ ስትሄድ ጥፋቱ የሷ ነው ብዬ ነበር። ሁለተኛዋም ያንኑ ቃል ስትለኝ ግን ዝም አልኩ። ሙከራውን መድገም ማለት ይህ ነው። ለዶክተሯ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ይህን ሳቋን ያዢልኝ።

ማታ ትምህርት ስጀምር መደበቅ ነበረብኝ፤ ግን እኔ መቼ ነገር መደበቅ ችዬ አውቃለሁ? አንድ ቀን ባትሪው ላይ «አደጋ» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩና ጉዴ ወጣ። ሥራዬ አለቀ ብዬ ኮፍያዬን አወለቅሁ። እሷ ግን ሙከራው ነው መለወጥ ያለበት እንጂ እርስዎ ፊደል መርሳት የለብዎትም አለችኝ። ሳጥኑን ወደ ሌላ ክፍል አዛወረችው፣ በር አስገጠመችለት፣ ቁልፉን ለፍሮምሳ ሰጠች። ማግስቱን ደግሞ ጠመኔ ገዝታ መጣች፤ እንድለማመድ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ።

ባለፈው ሳምንት ሂርጳ ጎሚስታ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ሂርጳን ታውቂዋለሽ፣ ጎማ እየጠገነ ሰው የሚያበሽቀው። እኛ ግቢ ሰሜንን በአንድ ጣት እናዞራለን ብዬ ጀመርኩ። ሂርጳ ሚስትህን ከገበያ መልሰህ ማዞር ያልቻልክ ሰውዬ አለኝ፣ ሰዉ ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። ትእዛዙ በታሸገ ፖስታ ነው የሚመጣው፣ አንዱ የሌላውን አያውቅም፣ ሁሉም የሚከፈተው በመጨረሻው ቀን ነው እያልኩ ነገሩን አሳመርኩት። የሞተር ሳይክሉን ጎማ ሊያስነፋ የመጣ አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ብቻ አልሳቀም። ፖስታውን ማን ነው የሚያዘጋጀው? አለኝ ረጋ ብሎ። እኔም፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ «ዶክተራችን ናታ! ሰሜንን ከሰሜን የመጣ ሰው ካላዞረው ማን ያዞረዋል?» አልኩት።

የሳቀ አልነበረም። ሂርጳ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። በዚህ ሰሞን ጦርነቱ እየተቃረበ ነው በሚባልበት፣ ከሰሜን የመጣ ሰው በስሙ ብቻ በሚጠረጠርበት ጊዜ፣ እኔ ቀልድ ብዬ የተናገርኩት ይህንን ነው።

አሁን አንድ ሞተር ሳይክል ሰምቼ ወረቀቱን ቂጤ ሥር አድርጌ ቆየሁ። አለፈ። ጫማ የሚሸጠው ልጅ ነው። ከዚህ በታች ፊደሉ ቢጠማዘዝ እየቸኮልኩ ስለሆነ ይቅር በይኝ።

ትናንት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዎች መጡ። ከየት እንደመጡ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። አንደኛው ያ ያልሳቀው ሰው ነው። በሩን ስከፍትለት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጨዋታ አዋቂው፣ ደህና ነህ?» አለኝ በዝግታ። ዶክተሯ አልሰማችም።

ገንዳውን አዩ፣ ሽቦውን አዩ፣ ባትሪውን አዩ። ይህ ከማን ጋር መገናኛ ነው? አሏት። እሷ ሰው ሲጠይቃት ደስ ይላታል፤ ማስረዳት ጀመረች። ባታስረዳ ይሻል ነበር። የሚያየው ሰው ማወቅ የለበትም፣ የሚያዞረው ሰው ማየት የለበትም፣ እኔም እስከ መጨረሻው ሁለቱንም ማወቅ የለብኝም አለቻቸው። ለምን? አሏት። እንዳንዋሽ አለች። ማን ነው የሚዋሸው? ማናችንም፣ ሳናውቀው። ሰዎቹ ተያዩ። እኔ እዚያው ቆሜ ቃሏን በነሱ ጆሮ ሰማሁት። የታሸገ ትእዛዝ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ የመጨረሻ ቀን። ጌታ ሆይ፣ አሁንስ ዝም በላት እያልኩ ጸለይኩ።

ፖስታዎቹን ክፈቺ አሏት። ሙከራው ሳያልቅ ከተከፈቱ ሥራው ሁሉ ይበላሻል፣ እባካችሁ ጥቂት ቀን ታገሱን አለች። ያ ሰው አንዱን ራሱ ቀደደውና ወደ እኔ ዞረ። ማንበብ ትችላለህ? አለኝ።

እህት ዓለም፣ በዚህ ከተማ የሱቅ ታፔላ ያላነበብኩበት ሰው የለም። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ መጣብን ይሉኛል። ያን ጊዜ ግን «ኧረ እኔ ጌታዬ፣ በየት በኩል!» አልኩ። ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር አደረገው፤ ገልብጬ ያዝኩት። ፊደል አንዴ ከገባ ወዲያ እንዴት ይወጣል? ዓይኔን ብከለክለውም ቃሉ ዘሎ ገባ፤ «ሰሜን ወደ ምሥራቅ» ይላል። ዓይኔ በመስመሩ ላይ እንዳይሄድ አንድ ቦታ ተከልኩት። ዶክተሯ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ መሬት አየች።

ሊወጡ ሲሉ ሁለተኛው ሰው የዘበኛ ቤቴ ቆርቆሮ ፊት ቆመ። በጠመኔ ጽፌበታለሁ፣ በትልቁ፣ ክንድ በሚያህል ፊደል። መምህር እንግዳወርቅ የሰጠን የቤት ሥራ ነው፤ «ስሜን አልረሳም» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጻፉ ብሎን ነበር፤ ስማችንን መጻፍ የቻልንበት ሳምንት ስለሆነ። እኔ ለሳምንት ያህል በዚያ ቆርቆሮ ፊት ደረቴን ነፍቼ ስወጣና ስገባ ነበር።

ሰውየው ጮክ ብሎ አነበበው። «ሰሜን አልረሳም።»

እግዜር ያሳይሽ! የመጀመሪያዋን ፊደል ስቻለሁ። ሳድሱን ስ ትቼ ግዕዙን ሰ ጽፌያለሁ፤ ከላይ እስከ ታች፣ አምስትም ስድስትም ጊዜ። እሱ አፉን ከፍቶ እስኪያነበው ድረስ እኔ ስሜን ነበር የማየው።

ማን ነው የጻፈው? አለ። ፍሮምሳ ትምህርት ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ነን፤ እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም ካልኩ ገና አፌ አልደረቀም። እኔ ነኝ፣ ፊደል ለማጅ ነኝ፣ ስሜን ልጽፍ ብዬ ነው ልል አሰብኩ። አሰብኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ማቋረጥ የሠራ አፌ ያን ጊዜ ምላስ እንደሌለው ሆነ።

ዶክተሯ «እኔ ነኝ» አለች።

ለምን ጻፍሽው? አላት። አገሬ ስለሆነ አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ እጇን ግን ከኋላዋ አድርጋው ነበር፣ እኔ በኋላዋ ቆሜ አየሁት። ፖስታዎቹን ሁሉ፣ ኮምፓሱንና መታወቂያዋን ወሰዱ። ሰኞ ጠዋት መጥተሽ ታስረጂናለሽ አሏት። እኔ የማውቃቸው፣ ሊያስረዱ ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች አሉ።

ሲወጡ መሬት ላይ ወደቅሁላት። ይነሱ ኦቦ፣ ይነሱ፣ ፍልፈሎቹ ሳይበሉ ዋሉ አለችኝ። ካሮት ሰጠቻቸው። ከዚያ ያነበብኩት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። እንግዲህ የዛሬው አይቆጠርም አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ፖስታው ስለሌለ የትኛውም አይቆጠርም አለችና እዚያው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የተሰካው እንጨት አለ፣ ሰሜን ግን በየቀኑ ወዴት እንደነበር የሚናገር የለም። ያ ሁሉ ድካም ዜሮ። ቆርቆሮውን በእርጥብ ጨርቅ ልጠርግ ስነሳ ተከተለችኝ፤ ጠመኔውን ይዛ ስ እንዴት እንደምትጻፍ አሳየችኝና ራሷ አጠፋችው።

የጎሚስታውን ነገር ግን አልነገርኳትም። ሰዎቹ ሽቦውን ከመንገድ አይተው የመጡ ይመስላታል። ልነግራት ሦስቴ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቴም ቀልድ ወጣ።

ዛሬ ፍሮምሳ ፍልፈሎቹን ወደ መጡበት ወደ ደንዲ ማሳ ሊመልሳቸው ሄዷል። ግቢው ጸጥ ብሏል። ሰኞ ሳትመጣ ስትቀርባቸው ወደኔ እንደሚመጡ አውቃለሁ። የት ሄደች? ሲሉኝ አላውቅም እላለሁ። ከተናገርኩ በኋላ ፊቴ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም፤ እንደ ትናንቱ ዓይኔን አንድ ቦታ እተክለዋለሁ።

አሁን ስለ ራስሽ ጉዳይ ልንገርሽ። ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ ልጅ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ናት። ጎረቤት ከጠየቀሽ ለንሳ ትባላለች፣ ታማ ነበር፣ አየር ልትለውጥ መጣች በያቸው። ኦሮምኛዋ ከ«አካም» እና ከ«ገለቶሚ» ስለማያልፍ ጉሮሮዋን አሟታል በይ። መታወቂያዋ ጠፍቶባት በመኪና መምጣት አልቻለችም፤ ኬላ አለ። ከዚህ ያወጣት ሰው ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም። በፈረስ ያደረሳት ሰው ከየት እንደመጣች አያውቅም። አንቺም ምንም አትጠይቂያት፤ የማታውቂውን ማንም ሊያወጣብሽ አይችልም። ይህን ዘዴ ከማን እንደተማርኩት መገመት ለአንቺ አይከብድሽም።

ማሳሽ ላይ ፍልፈል አፈር ሲያወጣ ካየች ቆማ ትቀራለች። እጇን ይዘሽ ወደ ቤት አስገቢያት። መንገደኛ በሚያልፍበት ቦታ ለብቻዋ አትተያት። ብርድ አትችልም፤ ያንን ወፍራም ጋቢ ስጫት፣ ለእኔ ያስቀመጥሽልኝን።

ፖስታውን በሙጫ አሽጌ ነው የሰጠኋት። መንገድ ላይ ትከፍተዋለች ብዬ አልሰጋም፤ ታሽጎ የተሰጣትን ነገር የምትከፍት ሰው አይደለችም። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት፣ ለዚህም ነው በእሷ እጅ የላክሁት።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅ። የገባውንም የወጣውንም ክፉ ዓይን እንዳያየው። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ሐይቁ ዳር ያለው ጭጋግ በዚህ ወር አይነሣ። ይህን ምርቃት ማንም መርቆሽ አያውቅም፣ ግን አሜን በይ።

አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ስለሆነ ያሳሳኛል፣ ግን ጨምሪው። ከዚያ በፊት ብቻ፣ ሰው በሌለበት፣ ለልጅቱ ስጫትና ታንብበው። ስህተቱ የት የት ላይ እንደሆነ ታርምልኝ። የጎሚስታውን ቦታ ስታነብ አንቺ ውጪ፤ ፊቷን አይተሽ እንድትነግሪኝ አልፈልግም።

ታናሽ ወንድምሽ